ከ«ባድ ኮንሲኩዌንስ» ወዲያ፦ መዘዝን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አመራረጥ

የሰዎችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳርም አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። «አንድ ነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ስጽፍ ሁሌ ‹ባድ ኮንሲኩዌንስ› እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?» ጠያቂው አንዳንዴ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ነው። አንዳንዴ ለአለቃው ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ነው። አብዛኞቹ የቃላት ዝርዝር እንድሰጣቸው ይፈልጋሉ። ዝርዝሩማ በየቦታው ሞልቷል። የሚያስቸግረው ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን ማንሳት እንዳለብን ማወቁ ነው። ይህ መመሪያ አመራረጡን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው። ሆሄያቸውን ከመዝገበ ቃላት እያያችሁ በማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩ። እያንዳንዱን ቃል ስትፈልጉ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹንም ስለምታዩ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። የአማርኛ ፍቺ ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል አይነግራችሁም።
• የቃላት ጥምረት መዝገበ ቃላት፣ ማለትም የኮሎኬሽን። «ኮንሲኩዌንስ» የሚለውን ስትከፍቱ ከፊቱ የሚቀመጡ ቅጽሎችንና አብረውት የሚመጡ ግሦችን ይዘረዝርላችኋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ለዚህ ሥራ ይህን እመርጣለሁ።
• ማስታወሻ፤ ደብተርም ሆነ ስልክ።
• ልታሻሽሉት የምትፈልጉት የራሳችሁ አንድ አንቀጽ። የሰው ጽሑፍ ላይ መለማመድ ይቻላል፣ ግን ደጋግማችሁ የምትሠሩትን ስህተት የሚያወጣው የራሳችሁ ጽሑፍ ነው።

ደረጃ 1፦ ሐሳቡን በአማርኛ ጨርሱት

እንግሊዝኛውን ከመንካታችሁ በፊት አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አራት ነገር ይመልስ፦ ምክንያቱ ምንድን ነው? ምን ይከተላል? ማን ላይ ይደርሳል? መቼ?

ምሳሌ እንያዝ። «አንድ ድርጅት የደንበኞቹን የይለፍ ቃል ሳያመሰጥር ቢያስቀምጥ፣ መረጃው የተሰረቀ ዕለት ድርጅቱ ሊከሰስና ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል፤ ለዓመታትም ደንበኛ ሊርቀው ይችላል።»

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቅጽሉ የሚመረጠው ከእነዚህ መልሶች ነው። «ሊከሰስ» የሚለው ሕጋዊ የሚል ቅጽል ይጠራል። «ለዓመታት» የሚለው የጊዜ ቅጽል ይጠራል። «ይችላል» የሚለው እርግጠኛ አለመሆናችሁን ይናገራል። መልስ የሌለው ጸሐፊ ግን «ባድ» ላይ ተመልሶ ይወድቃል።

ደረጃ 2፦ ከቅጽሉ በፊት ስሙን ምረጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ ቅጽል ብቻውን አይመረጥም። የሚስማማው ስም አለው፤ ስሙ ሲቀየር ቅጽሉም ይቀየራል። አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ ይረዳችኋል፤ «ውጤት»፣ «መዘዝ»፣ «ተፅዕኖ» እና «አንድምታ» አንድ እንዳልሆኑ ታውቃላችሁና።

«ኮንሲኩዌንስ» ለ«መዘዝ» ይቀርባል። በተለይ በብዙ ቁጥር ሲመጣ አንባቢው ክፉ ነገር ይጠብቃል። ቅጽል ባይኖረው እንኳ «ዜር ዊል ቢ ኮንሲኩዌንስስ» የሚል ሰው እያስጠነቀቀ ነው። አብረውት የሚውሉት «ሲሪየስ»፣ «ሲቪር»፣ «ዳየር»፣ «ፋር-ሪቺንግ»፣ «አንኢንቴንድድ» እና «ኢኔቪተብል» ናቸው።

«ሪዘልት» ገለልተኛ ነው፤ «ውጤት» እንደምንለው። የፈተናም፣ የምርመራም፣ የምርጫም ሊሆን ይችላል። «ዳይሬክት ሪዘልት»፣ «ኤንድ ሪዘልት» እና «ዲስአፖይንቲንግ ሪዘልትስ» የተለመዱ ናቸው። «ዳየር ሪዘልትስ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

«አውትካም» አንድ ሂደት የሚያልቅበት መጨረሻ ነው። ሕክምና፣ ድርድር፣ ክስ፣ ድምፅ አሰጣጥ። ከ«ላይክሊ»፣ «ፖሲብል»፣ «ሰክሰስፉል» እና «ፌቨረብል» ጋር ይሄዳል። መጨረሻው ገና ካልታወቀ ይህን ምረጡ።

«ኢፌክት» አንድ ነገር በሌላው ላይ የሚያሳድረው ለውጥ ነው። «አድቨርስ ኢፌክት»፣ «ላስቲንግ ኢፌክት»፣ «ኖክ-ኦን ኢፌክት»፣ «ዲዛየርድ ኢፌክት»። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት «ሳይድ ኢፌክት» ነው፤ «ጉዳት» የሚለውን ቃል በቃል ወስዳችሁ «ሳይድ ዳሜጅ» አትበሉ።

«ኢምፓክት» ጠንከር ያለ ተፅዕኖ ነው። «ፕሮፋውንድ»፣ «ዴቫስቴቲንግ»፣ «ላስቲንግ» እና «ኔግሊጂብል» ከፊቱ ይቀመጣሉ።

«ኢምፕሊኬሽን» አንድምታ ነው። ነገሩ ገና አልተከሰተም፤ ከውሳኔው ወይም ከግኝቱ ተነስተን በሐሳብ የምንደርስበት ነው። «ዋይደር»፣ «ሊጋል»፣ «ፕራክቲካል» እና «ፋር-ሪቺንግ» ይስማሙታል። «ፌታል ኢምፕሊኬሽን» ግን አይባልም፤ አንድምታ ሰው አይገድልም።

«ሪፐርከሽን» አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥር ይመጣል። ተመልሶ የሚመጣ፣ በጊዜ እየሰፋ የሚሄድ መዘዝ ነው። በአማርኛ «ዳፋው ለሌላው ተረፈ» የምንለውን ስሜት ሊይዝ ይችላል። «ሲሪየስ» እና «ፖለቲካል» ከጎኑ ይቆማሉ።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል እርግጠኛ ናችሁ?

አሁን ወደ ቅጽሉ ገባን። መጀመሪያ የሚወሰነው ክብደቱ ሳይሆን እርግጠኝነቱ ነው። ጽሑፋችሁ ላይ «ይህን በምን አወቅህ?» የሚል አንባቢ ሲመጣ የሚያድናችሁ ወይም የሚያጋልጣችሁ ይህ ቃል ነው።

ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይሄዳል፦

«ፖሲብል»፦ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዕድሉ ምንም አልተናገርንም።
«ፖቴንሻል»፦ ሁኔታው ከተመቻቸ ሊመጣ የሚችል፤ አቅሙ አለ።
«ላይክሊ» እና «ፕሮባብል»፦ ሳይሆን አይቀርም።
«ኢኔቪተብል»፦ አይቀሬ።

ሦስት የሰዋስው ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ «ፖቴንሻል» ሁልጊዜ ከስሙ በፊት ይቀመጣል። «ፖቴንሻል ኮንሲኩዌንስስ» ልክ ነው፤ «ዘ ኮንሲኩዌንስስ አር ፖቴንሻል» ግን አይባልም። ሁለተኛ፣ «ላይክሊ» መጨረሻው ተውሳከ ግሥ ቢመስልም ቅጽል ነው። ስለዚህ «ዘ ላይክሊ ኮንሲኩዌንስስ» ማለት ይቻላል። ሦስተኛ፣ «ላይክሊ» ከ«ቱ» ጋር ይሄዳል፣ «ፕሮባብል» ግን አይሄድም። «አር ላይክሊ ቱ ቢ ሲቪር» ትክክል ነው። «አር ፕሮባብል ቱ ቢ» ስህተት ነው፤ «ኢት ኢዝ ፕሮባብል ዛት» ብላችሁ ጀምሩ።

እነዚህ ቃላት በአንዳንድ ሙያዎች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ፓነል አይፒሲሲ በሪፖርቶቹ «ላይክሊ» ሲል ከ66 እስከ 100 በመቶ ዕድል ማለቱ ነው። «ቬሪ ላይክሊ» ከ90 እስከ 100፣ «ቨርቹዋሊ ሰርተን» ከ99 እስከ 100፣ «አንላይክሊ» ደግሞ ከ0 እስከ 33 በመቶ ነው። በአውሮፓ የመድኃኒት መግለጫ ወረቀት ላይ «ቬሪ ኮመን» የተባለ የጎንዮሽ ጉዳት ከ10 ሰዎች ከ1 በላይ ያገኛል። «ሬር» የተባለው ከ1,000 ሰዎች ቢበዛ 1 ሰው ላይ የሚታይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በእንዲህ ያለ ዘርፍ የምትጽፉ ከሆነ «ላይክሊ» የሚለውን ለድምፁ ብላችሁ አታስገቡት። አንባቢው ቁጥር አድርጎ ሊያነበው ይችላል። መጀመሪያ የዘርፉን የቃል መለኪያ ፈልጉ።

ሌላው የተለመደ ነገር ጥርጣሬን መደራረብ ነው። «ሜይ ፖሲብሊ ሃቭ ፖቴንሻል ኮንሲኩዌንስስ» ውስጥ «ምናልባት» ሦስት ጊዜ ተብሏል። አንዱን አስቀሩ፣ ሁለቱን ሰርዙ። «ሜይ ሃቭ ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ» በቂ ነው። ጥንቃቄውን «ሜይ» ይዞታል፤ የቅጽሉ ቦታ ለክብደቱ ተርፏል።

ደረጃ 4፦ ክብደቱን መዝኑ

እዚህ ጋ የአማርኛ ተናጋሪ የሚሠራው ትልቁ ስህተት አለ። «ከባድ» የሚለውን «ሄቪ» ብሎ መተርጎም። ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬን» ነው፤ ከባድ መዘዝ ግን «ሲሪየስ» ወይም «ሲቪር» ነው። «ሄቪ ኮንሲኩዌንስስ» ያለ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባል፣ ግን የቋንቋው ሰው እንደዚያ አይልም። «ጥልቅ» ላይም ያው ነው። «ዲፕ ኮንሲኩዌንስስ» ከማለት «ፕሮፋውንድ» ይሻላል።

መሰላሉን ከቀላሉ ጀምሩ፦ «ኔግሊጂብል» (ከቁጥር የማይገባ)፣ «ማይነር» (ቀላል)፣ «ሲግኒፊካንት» (ልብ ሊባል የሚገባው)፣ «ሲሪየስ» (አሳሳቢ)፣ «ሲቪር» (የበረታ)፣ «ግሬቭ» (እጅግ አሳሳቢ፣ ቃናው ኮስተር ያለ)፣ «ዳየር» (አስፈሪ)፣ «ዲዛስትረስ» (አጥፊ)፣ «ካታስትሮፊክ» (ከዚያ ወዲያ የሌለው ጥፋት)።

«ሲግኒፊካንት» ላይ ተጠንቀቁ። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ የስታቲስቲክስ ፍቺ አለው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ለመሆኑ ዕድሉ አነስተኛ ነው ማለት ነው። ስሌት ሳትሠሩ «ትልቅ» ለማለት ብቻ አትጠቀሙበት።

«ሲሪየስ» እና «ሲቪር» በተራ ጽሑፍ ቦታ ይለዋወጣሉ። በመድኃኒት ደኅንነት ዘገባ ውስጥ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ሲቪር» የሚለካው ብርታትን ነው። «ሲሪየስ» የሚለካው መዘዙን ነው፦ ሞት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ ሕፃን ይዞት የሚወለደው የአካል ጉድለት። ስለዚህ አንድ ራስ ምታት «ሲቪር» ሆኖ «ሲሪየስ» ላይሆን ይችላል። ሰውየው ይሠቃያል፣ ግን ሆስፒታል ሳይተኛ ያልፍለታል። በጤና ዘርፍ የምትጽፉ ይህችን ልዩነት ማስታወሻችሁ ላይ በትልቁ አስፍሯት።

«ካታስትሮፊክ» ደግሞ በአደጋ ግምገማ ሰንጠረዦች ውስጥ የላይኛው ደረጃ ስም ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የደኅንነት መለኪያ የጉዳት ክብደትን በ4 ይከፍላል፦ «ካታስትሮፊክ»፣ «ክሪቲካል»፣ «ማርጂናል» እና «ኔግሊጂብል»። የመጀመሪያው ሞትን ወይም ቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳትን ያካትታል። አንድ ስብሰባ በመዘግየቱ «ካታስትሮፊክ ኮንሲኩዌንስስ» ብሎ የጻፈ ሰው እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ የሚያውቅ አንባቢ ከገጠመው ይሳቅበታል።

እነዚህ ከባዶቹ ቃላት «በጣም»ን አይወዱም። «ቬሪ ሲሪየስ» ይባላል። «ቬሪ ካታስትሮፊክ» እና «ቬሪ ፌታል» አይባልም፤ ጫፍ ላይ የደረሰ ቃል ተጨማሪ አይፈልግም። ማጠናከር ካስፈለገ «አብሶሉትሊ ካታስትሮፊክ» በሉ። ማለዘብ ካስፈለገ ደግሞ «ፖቴንሻሊ ካታስትሮፊክ»። «ኢኔቪተብል»ም እንዲሁ ነው፤ «ኦልሞስት ኢኔቪተብል» ይሆናል፣ «ቬሪ ኢኔቪተብል» አይሆንም።

ውጤቱ መልካም ከሆነስ? ያኔ «ኮንሲኩዌንስ»ን ብትተዉት ይሻላል። «ቤኔፊሻል ኢፌክት»፣ «ፖዚቲቭ ኢምፓክት» ወይም «ፌቨረብል አውትካም» በሉ። «ፖዚቲቭ ኮንሲኩዌንስ» ስህተት አይደለም። ግን አንባቢው መዘዝ ሲጠብቅ በረከት ስለሚመጣበት ትንሽ ይደናቀፋል።

ደረጃ 5፦ «ያልታሰበ» ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው?

ይህን ደረጃ በእርጋታ አንብቡት። አማርኛ «ያልታሰበ ውጤት» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልፈውን እንግሊዝኛ በአራት ይከፍለዋል።

«አንኢንቴንድድ»፦ ዓላማችን አልነበረም። አስቀድመን እናውቀው ይሆናል፣ ግን የፈለግነው እሱን አይደለም።
«አንፎርሲን»፦ ማንም አስቀድሞ አላየውም።
«አንፎርሲየብል»፦ ማንም አስቀድሞ ሊያየው አይችልም ነበር።
«አንኤክስፔክትድ»፦ አልጠበቅነውም፤ መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል።

ለምን ይለያያሉ? አንድ የአለርጂ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል እንበል። ክኒኑ የተሠራው ለእንቅልፍ አይደለም፤ ስለዚህ እንቅልፉ «አንኢንቴንድድ» ነው። ነገር ግን መግለጫው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ «አንፎርሲን» ሊባል በፍጹም አይችልም። «አንኢንቴንድድ» የግድ ክፉም አይደለም። ሚኖክሲዲል የተባለው መድኃኒት የተሠራው ለደም ግፊት ነበር። ጸጉር ማብቀሉ ያልታለመ ውጤት ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚፈልገው ለዚሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «አንፎርሲን» እና «አንፎርሲየብል» መካከል ያለው ልዩነት የኃላፊነት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው «አላየንም» ይላል። ሁለተኛው «ማንም ቢሆን አያይም ነበር» ይላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የቸልተኝነት ክሶች ውስጥ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታይ ይችል ነበር ወይ የሚለው ዋና ጥያቄ ነው። ስለ አንድ ጥፋት የሥራ ሪፖርት ስትጽፉ «አንፎርሲየብል» ካላችሁ ጥፋተኛ የለም ብላችሁ ፈርዳችኋል። ማስረጃ ከሌላችሁ «አንፎርሲን» ላይ ቁሙ።

ደረጃ 6፦ ጊዜውንና ስፋቱን ጨምሩ

መዘዙ መቼ እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደሚቆይ ለመናገር እነዚህ ይበቃሉ፦ «ኢሚዲየት» (ወዲያው የሚመጣ)፣ «ሾርት-ተርም» (የአጭር ጊዜ)፣ «ሎንግ-ተርም» (የረጅም ጊዜ)፣ «ላስቲንግ» (የሚቆይ)፣ «ፐርማነንት» (የማይለቅ)፣ «ኢሪቨርሲብል» (የማይመለስ)፣ «ኪዩሙሌቲቭ» (እየተጠራቀመ የሚሄድ)። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። በየቀኑ ከፍተኛ ድምፅ የሚሰማ ሠራተኛ ጆሮው በአንድ ቀን አይጎዳም፤ ጉዳቱ ይደራረባል። ለእንዲህ ያለው «ኪዩሙሌቲቭ ኢፌክት» ልክ ነው።

«ዘላቂ» የሚለው ቃላችን እዚህ ያሳስታል። ዘላቂ ልማት «ሰስቴይነብል» ነው። ዘላቂ ጉዳት ግን «ላስቲንግ» ወይም «ፐርማነንት» ነው። «ሰስቴይነብል ዳሜጅ» ካላችሁ «ሳይቋረጥ ልንቀጥልበት የምንችለው ጉዳት» የሚል እንግዳ ነገር ይወጣል።

ስፋትን በተመለከተ «ፋር-ሪቺንግ» ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማችኋል። አንድ ነገር ከተነሳበት ቦታ አልፎ ሌሎች ጉዳዮችን ሲነካ ነው። «ዋይድስፕሬድ» በብዙ ቦታ የተሠራጨ ማለት ስለሆነ ከ«ዳሜጅ» ጋር ይበልጥ ይስማማል። አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚመጣ ከሆነ በእንግሊዝ አጻጻፍ «ኖክ-ኦን ኢፌክት» ነው። አሜሪካኖች «ሪፕል ኢፌክት» ይሉታል።

ደረጃ 7፦ ዘርፉን ስጡት

«ሊጋል»፣ «ፋይናንሻል»፣ «ኢኮኖሚክ»፣ «ሶሻል»፣ «ፖለቲካል»፣ «ኢንቫይሮንሜንታል»። ቀላል ናቸው። አንዷ ብቻ ታሳስታለች፦ «ኢኮኖሚክ» የምጣኔ ሀብት ነው፣ «ኢኮኖሚካል» ደግሞ ቆጣቢ። «ኢኮኖሚካል ኮንሲኩዌንስ» የሚባል ነገር የለም። ለጤና ደግሞ ቅጽል አትፈልጉ፤ ስሙ ራሱ ይሠራል፦ «ሄልዝ ኮንሲኩዌንስስ»።

ደረጃ 8፦ በቅደም ተከተል ደርድሩ

ሁለት ወይም ሦስት ቅጽል ካስፈለገ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ክብደት፣ ጊዜ፣ ዘርፍ፣ ከዚያ ስሙ። «ሲሪየስ ሎንግ-ተርም ኢኮኖሚክ ኮንሲኩዌንስስ»። ዘርፉ ሁልጊዜ ከስሙ ጋር ይጣበቃል። «ኢኮኖሚክ ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ» ስትሉ አንባቢው ይቆማል፤ ዘርፍ የሚናገር ቅጽል ከስሙ ጋር አንድ ላይ የሚነበብ ስለሆነ በመካከላቸው ሌላ ሲገባ ይሰበራል።

እርግጠኝነቱን የት እናስገባው? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሁሉም በፊት ማስቀመጥ ነው፦ «ላይክሊ ሎንግ-ተርም ኮንሲኩዌንስስ»። ሁለተኛው ወደ ተውሳከ ግሥ ቀይሮ ክብደቱ ላይ ማሠር ነው፦ «ፖቴንሻሊ ሲሪየስ ሄልዝ ኮንሲኩዌንስስ»። ሁለተኛው የተሻለ ይነበባል። ከሦስት ቅጽል በላይ ግን አትሂዱ። አራተኛው ካስፈለገ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ።

የሰረዝ ነገር፦ «ፋር-ሪቺንግ» እና «ሎንግ-ተርም» ከስም በፊት ሲመጡ በመካከላቸው ሰረዝ አላቸው። «ኢን ዘ ሎንግ ተርም» ስትሉ ግን ሰረዙ ይወገዳል፤ እዚያ ቅጽል መሆኑ ቀርቷል።

ደረጃ 9፦ ግሡንና መስተዋድዱን አስተካክሉ

ጥሩ ቅጽል መርጦ ግሡ ላይ መበላሸት የተለመደ ነው። በአማርኛ መዘዝ «ይመጣል» ወይም «ይዞ ይመጣል» ስለምንል ብዙ ሰው «ብሪንግ ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ» ይጽፋል። የተለመደው ግሥ «ሃቭ» ነው፦ «ሃቭ ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ»። መዘዙን የሚቀበለው ሰው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከሆነ ደግሞ «ፌስ» (መጋፈጥ) ወይም «ሰፈር» (መጎዳት) ይሆናል። «ሰፈር» ለክፉ ብቻ ነው።

መስተዋድዱ እንደ ስሙ ይለያያል። «ኮንሲኩዌንስስ» እና «ኢምፕሊኬሽንስ» ለተጎጂው «ፎር» ይፈልጋሉ። «ኢፌክት» እና «ኢምፓክት» ግን «ኦን» ይላሉ። ምክንያቱን ስትናገሩ «ኦቭ» ነው፦ «አን ኢኔቪተብል ኮንሲኩዌንስ ኦቭ»።

ደረጃ 10፦ ሦስት ፍተሻ

ሀ) ቅጽሉን ሰርዙና ዓረፍተ ነገሩን አንብቡ። ምንም ካልጎደለ ቅጽሉ አያስፈልግም ነበር። «ዲዛስትረስ ካታስትሮፊ» የመሰለው እዚህ ይወድቃል።

ለ) ጥምረቱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ብዛቱን ብቻ አትዩ። ማን እንደጻፈው እዩ፤ የታወቁ ጋዜጦችና የጥናት መጽሔቶች ይጠቀሙበታል ወይ?

ሐ) ከደረጃ 1 የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያዩት። የኛ ምሳሌ መጨረሻው ይህ ነው፦ «ኩድ ሃቭ ሲሪየስ ሊጋል ኤንድ ፋይናንሻል ኮንሲኩዌንስስ ፎር ዘ ካምፓኒ»፤ ከዚያም በሁለተኛ ዓረፍተ ነገር «ኤ ላስቲንግ ኢፌክት ኦን ከስተመር ትረስት»። «ይችላል» የነበረው «ኩድ» ሆነ። «ሊከሰስ» እና «ገንዘብ» ሁለት የዘርፍ ቅጽል ሆኑ። «ለዓመታት» የሚለው «ላስቲንግ» ሆነ፤ ስሙም ከ«ኮንሲኩዌንስ» ወደ «ኢፌክት» ተቀየረ። አንዱም ቃል ለማስዋብ የገባ አይደለም።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

• «አድቨርስ»ን ከ«አቨርስ» ማምታታት። የመጀመሪያው ጎጂ ማለት ነው፣ ውጤትን ይገልጻል። ሁለተኛው ሰውን ይገልጻል፤ አንድን ነገር የማይወድ ነው።

• «ፌታል»ን ከ«ፌትፉል» ማምታታት። «ፌታል» ገዳይ ነው። «ፌትፉል» የኋላውን ዕጣ የወሰነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀንን ወይም ውሳኔን ይገልጻል።

• «ኢፌክት» እና «አፌክት»። አንዱ በ«ኢ» ፊደል ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኤ»። ቅጽል ከፊቱ ማስቀመጥ የምትችሉት የመጀመሪያው ላይ ነው፤ እሱ ስም ነው። ሁለተኛው ግሥ ነው።

• «ድራስቲክ ኮንሲኩዌንስስ»። አልፎ አልፎ ይታያል፣ ግን የ«ድራስቲክ» ቤቱ ከ«ሜዠርስ» እና ከ«ቼንጅ» ጋር ነው። እርምጃ ድራስቲክ ይሆናል፤ መዘዙ «ሲቪር» ይሁን።

• «ኮንሲኩዌንሻል» የሚለውን «መዘዝ ያለው» ብሎ በየቦታው መጠቀም። በተራ ጽሑፍ ትልቅ ቦታ ያለው፣ ወሳኝ ማለት ነው። በውል ሰነድ ውስጥ ግን በተዘዋዋሪ የመጣ ኪሳራን ለመግለጽ ይገባል። ውል የምታነቡ ከሆነ ሁለተኛውን ፍቺ ያዙ።

• በአንድ አንቀጽ ውስጥ ቃል ላለመድገም ብቻ «ሲሪየስ»፣ ቀጥሎ «ዳየር»፣ ቀጥሎ «ካታስትሮፊክ» ማለት። ለአይኤልትስ የሚዘጋጁ ይህን በጣም ያደርጉታል። በዚያ ፈተና የጽሑፍ ክፍል የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ እኩል መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ ነጥብ የሚሰጠው ግን ለብዛቱ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ቦታው ላይ ለመዋሉም ነው። ያው አንድ መዘዝ በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያየ ክብደት ካገኘ አንባቢው የቱን እንደሚያምን አያውቅም። ክብደቱ ካልተቀየረ «ሲሪየስ»ን ድገሙት።